በሻንጣ የመጡ መጻሕፍት

በአል ባርሻ፣ ዱባይ፣ ለተሰበሰቡ የዱባይ፣ የሻርጃና የአጅማን ኢትዮጵያውያን አንባቢያን የተነገረ ዲስኩር



ከሻርጃና ከአጅማን የሳምንቱን አንዲት የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ፣ የመንገዱን የመኪና ሰልፍ ታግሣችሁ እስከ አል ባርሻ የዘለቃችሁ እንግዶች፣ እንዲሁም ከዚሁ ከሰፈራችን ከሥራ በቀጥታ ወደዚህ አዳራሽ የገባችሁ ጎረቤቶች፣ ፈጣሪ ያክብራችሁ። ስለ መጻሕፍት እንድናገር የተጋበዝሁት ለብዙ ዘመን ሳነብ ስለ ኖርሁ ነውና፣ ዛሬም የምናገረው እንደ ሐያሲ ሕግ በማውጣት ሳይሆን እንደ አንባቢ የወደድሁትን ወደድሁ፣ ያልወደድሁትንም አልወደድሁም በማለት ይሆናል፤ ነገር ግን መውደድም ሆነ መጥላት ምክንያት ሊቀርብበት የሚገባ ነገር ስለ ሆነ ምክንያቴን ከእናንተ አልሸሽግም።

እዚህ በእጃችን ያለው መጽሐፍ በሊቃውንት ተመርጦ፣ በየዘርፉ ተለይቶ የተደረደረ አይደለም፤ በሻንጣ የመጣ ነው። አንዷ ከዕረፍት ስትመለስ ከበርበሬውና ከሽሮው፣ ከቡናውና ከድርቆሹ መካከል ኪሎ ተርፏት አንድ መጽሐፍ ትጨምራለች፤ ሌላው ኮንትራቱን ጨርሶ ለዘለቄታው ወደ አገሩ ሲገባ ሻንጣው እንዳይከብድበት ያነበባቸውን ሁሉ ከቤድ ስፔሱ አልጋ ሥር ትቶ ይሄዳል፤ ሦስተኛው መጥቶ አልጋውን ሲከራይ መጻሕፍቱንም አብሮ ይወርሳል። በዚህ ምክንያት የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ድርሳን ከበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ፣ የተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክ ከመዝሙረ ዳዊት፣ እንግሊዝኛውም ከአማርኛው ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ። ይህን ቅልቅል ማንም አስቦ አላዘጋጀውም። እኔ ግን ሻንጣ ያቋቋመልን ይህ ያልታሰበ ጉርብትና በብዙ ቤተ መጻሕፍት ካለው ሥርዓት ይልቅ ለአእምሮ የሚበጅ ነው ብዬ አምኛለሁ። በፍርድ አደባባይ አንድ ምስክር ብቻውን ነገሩን ለማጽናት ብዙ ጊዜ እንደማይበቃ ሁሉ፣ የሆነውን የሚተርከው መጽሐፍ ሊሆን የሚችለውን ከሚተርከው መጽሐፍ ተነጥሎ ሲነበብ ምስክርነቱ ይጎድላል፤ ልብ ወለዱም እንዲሁ። ይህ ጉድለት ደግሞ በእኛ፣ በዐረብ አገር በምንኖር ኢትዮጵያውያን ሕይወት ላይ ከማንም ይልቅ ከብዶ ይታያል።

በመካከላችን ሁለት ዓይነት አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አንደኛው፣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ጠና ያለው፣ «ያልተደረገ ነገር ሳነብ ጊዜዬን አላጠፋም» ይላል። ሁለተኛዪቱ ደግሞ «ታሪክ የነገሥታት ስምና የጦርነት ዓመት ብቻ ነው፤ እኔን የሚመስል ሰው የለበትም» ትላለች። የሁለቱም አቤቱታ መሠረት አለው፤ መድኃኒቱ ግን እያንዳንዱ የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ እንጂ በየግንቡ ውስጥ ተከልሎ መቀመጥ አይደለም። የቀደሙት ሊቃውንታችን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ነፃ ነበሩ። በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ዜና መዋዕሉ ከገድሉ፣ ፍትሐ ነገሥቱም ከተአምረ ማርያሙ ጋር ይቀመጥ ነበር፤ የአንድምታ መምህርም አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ሲተረጉም የፊተኛውን ትርጓሜ ሳያፈርስ የኋለኛውን ያቆማል። እኔም ከዚህ በታች ስለማነሣቸው መጻሕፍት የምናገረው በዚሁ መንፈስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ እርሱን ትቶ ስለ አማርኛ ንባብ መናገር አይቻልምና። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ እዚህ በአል ባርሻ ቤቶች መካከል ሲዘዋወር የኖረ አንድ ቅጂ አለው። ሽፋኑ በሰፊ ፕላስተር ተጠግኗል፤ የታችኛው ጠርዙ ከበርበሬ ጋር በመጓዙ ቀልቷል፤ ከመካከሉ ሁለት ቅጠል ወድቆ ስለ ነበር ስሟን ያልጻፈች አንዲት አንባቢ ከሌላ ቅጂ ላይ የጎደለውን በባለ መሥመር ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድ ሐረግ ሳታስቀር ገልብጣ በስፍራው አጣብቃዋለች። ጥንት በብራና ላይ ቁም ጸሐፊ ይሠራው የነበረውን ሥራ ነው ይህች እኅት ከሥራ በኋላ ሌሊት ተቀምጣ የሠራችው። በኅዳጉም ላይ ልዩ ልዩ እጆች ጽፈዋል፤ ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርያት አንዱ ጉዱ ካሣ የባላባቱን ሥርዓት በሚነቅፍበት ስፍራ አንዱ «ልክ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ሌላዋ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ልክ ከሆነ ለምን እብድ አሉት?» ብላ ጠይቃለች። በአንድ መጽሐፍ ላይ ከዚህ የበለጠ ሐተታ የትም አላየሁም።

አሁን የራሴን ፍርድ ልናገር። ባለ ታሪኩን በዛብህን አልወደውም። ትሑት፣ ንጹሕ፣ የተማረ ወጣት ነው፤ ነገር ግን ወላጆቹ በስለት ከሰጡት ቀን ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ ሌሎች የሚያደርጉበት እንጂ እርሱ የሚያደርገው ጥቂት ነው። የልብ ወለዱ ጀግና ሰብለ ወንጌል ናት፤ በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ተዘግታ ያደገችው ልጅ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ የማታውቀውን አገር በእግሯ አቋርጣ የወደደችውን ሰው ፍለጋ ስትሄድ፣ መጽሐፉ ሁሉ ከዚያ በፊት ሲያንቀላፋ የቆየ ይመስል በአንድ ጊዜ ይነሣል። የጉዱ ካሣ ንግግር አንዳንዴ ስብከት እስኪመስል መርዘሙንም አልክድም። ሆኖም ስለ ርስትና ስለ ጉልት የተጻፉትን የታሪክ መጻሕፍት ያነበበ ሰው ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡበትን ክፍል ሲያነብ፣ በሐተታ ያወቀው የጉልት ግብር በአንድ ጎጆ ደጃፍ ላይ ምን ይመስል እንደ ነበረ፣ ጌታው ምን ብሎ ጠይቆ ባላገሩስ ምን ብሎ እንደ መለሰ ይሰማል። ታሪኩ የግብሩን ዓይነት ነገረን፤ ልብ ወለዱ የውርደቱን መጠን።

የእኚሁ ደራሲ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ እንደ ፊተኛው አልተጨበጨበለትም፤ እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አኑሩ እላለሁ። ከጣሊያን ወረራ ጋር የተደረገውን ትግልና ደራሲው በምርኮ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በግዞት ያሳለፉትን ዘመን የሚተርከው ይህ መጽሐፍ ስለ ራሱ በመናገር እጅግ ቁጥብ ነው። ሰባት ዓመት ያህል በባዕድ አገር የታሰረ ሰው ምሬቱን ሊያፈስስ ይችል ነበር፤ እርሳቸው ግን ስለ አብረዋቸው ስለ ነበሩት ሰዎች ማንነትና ስለ ዕለት ኑሮው መናገርን መረጡ። እኛ ደግሞ ማንም በሰንሰለት ያላመጣን ብንሆንም ሰው ከአገሩ ርቆ ዓመቱን በሌላ ሰው ፈቃድ እየቆጠረ ሲኖር ልቡ ምን እንደሚሆን እናውቃለንና፣ «ትዝታ»ን ከአዲስ አበባ አንባቢ ይልቅ አቅርበን የማንበብ ዕድል ተሰጥቶናል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው የጎጃም መልክ ይህን ያህል የጠራው ጸሐፊው በግዞት ሆነው ለዓመታት በልባቸው ሲያዩት ስለ ኖሩ ይመስለኛል፤ ይህን የምለው በማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱን መጻሕፍት አከታትሎ ያነበበ ሰው ከሚያድርበት ስሜት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከመካከላችሁ ብዙዎች «እኔ አንባቢ አይደለሁም፤ የሰማሁት ብቻ ነው» እያላችሁ ራሳችሁን ከአንባቢያን ማኅበር ታስወጣላችሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ አገር በሙሉ ጆሮውን ሰጥቶ ሰምቷል፤ ፊደል ያልቆጠሩት እናቶቻችን ሰብለን በስሟ ያወቋትና ያለቀሱላት በእርሱ ድምፅ ነው። ዛሬም አንዲት እኅት በማዳሟ ቤት የልብስ ካውያ ይዛ፣ አንድ ጆሮዋን ለስልኳ፣ አንዱን ለሕፃኑ ለቅሶ ከፍላ ስትሰማ ንባብ ላይ ናት። በቤተ ክርስቲያናችንም ምንባብ ለሕዝብ ጆሮ እንጂ ለብቸኛ ዓይን የተሠራ አልነበረም።

ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ የምለው አጭር ነው። በልጅነታቸው ከዓድዋ ዘማች ጋር የሄዱ፣ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተሟገቱ ሰው የጻፉት፣ ከሞቱም ከ30 ዓመት ያህል በኋላ በ1999 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ካነበብኋቸው የሕይወት ታሪኮች ሁሉ ደፋሩ ነው። ድፍረቱ ግን በሌሎች ላይ ሲሆን ይበረታል፤ በዘመኑ የነበሩትን መኳንንት ሲመዝኑ እጃቸው ከባድ ነው፤ እርሳቸው ብቻ ትክክል የነበሩባቸው ቀናት እጅግ ይበዛሉ። ስለዚህ እንደ አንድ ብርቱ ምስክር እንስማቸው፤ ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» በሚለው መጽሐፋቸው በለዘበ አንደበት የተናገሩትንም ከጎኑ እናድርግ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው ደግሞ በ1941 ዓ.ም. «አርአያ» የሚለውን ልብ ወለድ ማሳተማቸው በአንድ ቤት ውስጥ አባት የሆነውን፣ ልጅ ሊሆን የሚገባውን እንደ ጻፉ ያሳየናል።

ከዚህ ሁሉ ግን በዚህ አገር ሆኜ ባነበብሁት ቍጥር እንደ አዲስ የሚቆረቍረኝ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። በዓድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው፣ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች አገር ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው በድሬዳዋ በጉምሩክ ሥራ ላይ ሳሉ የሚወጣውንና የሚገባውን ዕቃ በዓይናቸው አዩ፤ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሲሞቱም ሐሳባቸው በጽሑፍ ቀርቶ በ1916 ዓ.ም. ለኅትመት በቃ። የሐሳቡ ግንድ እንዲህ ነው፤ ያልተሠራ ጥሬ ነገር ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን በሌላው የጥቂት ሰዓት ሥራ ስለሚለውጥ፣ ጦር ሳይመዘዝበት ለባለ ዕውቀቱ ሕዝብ ገባር ይሆናል። እርሳቸው ይህን ያሉት ስለ ቆዳ፣ ስለ ቡናና ስለ ሰም ነበር። ዛሬ ቢኖሩና በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው በአንድ ዓይነት ቦርሳ፣ ሰነዳቸውን በላስቲክ ይዘው የሚሰለፉትን ልጃገረዶች ቢያዩ፣ ያለ ሙያ ሥልጠና የሚላከውንም ጉልበት ከዚያው መዝገብ ውስጥ እንደሚጽፉት አልጠራጠርም። መጽሐፉ ቀላል አይደለም፤ አንዳንዱ ምዕራፍ ደረቅ ነው፤ ስለ አንዳንድ ሕዝቦችም የተናገሩት ዛሬ የሚያሳፍር ነው። ነገር ግን አንዲት የቤት ሠራተኛ ብታነበው «ለምን እዚህ መጣሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከዕድልና ከኃጢአት አውጥቶ ወደ ምክንያት ይመልስላታል፤ ይህም ትልቅ ነፃነት ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ጃፓንን ጎብኝተው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ፤ በዓመቱ ደግሞ «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለድ። የጉዞ መጽሐፋቸው ያየው ሁሉ የሚያስደንቀው፣ ነገር ግን ከግርማው ሥር ያለውን ድካም ለመጠየቅ ጊዜ ያላገኘ የመንግሥት እንግዳ መጽሐፍ ነው። ልብ ወለዱ ይበልጣል። በፓሪስ ተምሮ የሚመለሰው አወቀ ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋር በተዝካርና በጋብቻ ሥርዓት ሲጋጭ፣ ጸሐፊው ምክሩን በየገጹ ቢያበዙብንም፣ ከባዕድ አገር የተመለሰ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ የሚሆንበትን ሕማም ከሁሉ ቀድመው ነክተውታል። የ«አርአያ»ም ወጣት ከፈረንሳይ ተመላሽ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ የአማርኛ ልብ ወለድ በማለዳው የተጨነቀው ስለ ተመላሽ ነበር፤ ተመላሹም ወንድ ነው፣ የሚመጣውም ዲፕሎማ ይዞ ነው። ዛሬ ከውጭ ከሚመለሰው ሕዝብ መካከል ግን ብዙ ሴት አለች፤ የምታመጣውም ለእናቷ ብርድ ልብስና ለወንድሟ ስልክ ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ስለ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሲነሣ ድምፄን መቈጣጠር ይቸግረኛል። በዓሉ ግርማ በኢሉባቦር የተወለደ፣ አባቱም ከህንድ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ከህንድ ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ይህን ማስታወስ መልካም ነው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሳለ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተደረገውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አየ፤ ያየውንም በ1975 ዓ.ም. በልብ ወለድ አወጣው። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ስለዚያ ዘመቻ በመንግሥት በኩል የተጻፈው ሪፖርትና የተነገረው መግለጫ ብዙ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል ባለ ሥልጣናቱ የፈሩት ግን «ልብ ወለድ ነኝ» ብሎ የወጣውን መጽሐፍ ነው። ልብ ወለድን ሐሰት ነው ለሚሉ ሽማግሎቻችን ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለኝም፤ ሰው ለሐሰት እንዲህ ያለ ዋጋ አያስከፍልም።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ስመዝነው ደግሞ እንከን አለው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዷ ፊያሜታ አልፎ አልፎ ከሰው ይልቅ ሥዕል ትሆናለች፤ በአዲስ አበባ የቀረችው እጮኛ ሮማን ከሚገባት ያነሰ ገጽ ተሰጥቷታል። ይሁን እንጂ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የሚያምንበትን ሥራ እየሠራ፣ የሚያየውም እምነቱን እየሸረሸረበት በስብሰባና በአዳር ፈንጠዝያ መካከል ሲዋልል፣ ወደ ናቅፋም ተራራ የሚወስደው መንገድ እየጠበበ ሲሄድ፣ ደራሲው አንዳችም ጩኸት ሳይጨምር አንባቢውን ራሱን ወደ ፍርድ ያቀርበዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መውጣቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ አማርኛ የማያነቡ ልጆቻችሁ እዚህ ቢጠይቋችሁ የምትሰጧቸው አገኛችሁ።

አሁን ደግሞ ስለምንኖርበት ምድር የተጻፉትን እንመልከት። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ በ1910 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ፤ በ1933ና በ34 በአፋር ምድር የአዋሽን መጨረሻ ፈለገ፤ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ በጎጃም ከአርበኞቻችን ጎን ተዋጋ፤ ከዚያም በኋላ ከበደዊዎች ጋር በግመል ሩብዕ አል ኻሊ የተባለውን ታላቅ በረሃ ሁለት ጊዜ አቋርጦ፣ በአል ዐይን የሼክ ዛይድ እንግዳ ሆኖ፣ ያየውን በ1959 እ.ኤ.አ. «የዐረብ አሸዋዎች» በሚለው መጽሐፍ ጻፈ። ከእኛ ከተማ ተነሥቶ ወደዚህች ምድር የመጣ የመጀመሪያው ታላቅ ጸሐፊ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ጥም፣ ስለ ውኃ ጕድጓድ፣ ስለ በደዊ ለጋስነት የጻፈው ሁሉ እውነተኛና ውብ ነው፤ አል ባርሻ ዛሬ በመስተዋት ፎቅና በባቡር ጣቢያ መካከል ስትታይ ያ ሁሉ ለውጥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መሆኑን ለማመን ያስቸግራል። በአንድ ነገር ግን አልስማማውም። መኪናና ነዳጅ የበደዊውን ክብር አጠፋ ብሎ አጥብቆ ያዝናል፤ ነገር ግን ወደ ለንደን መመለስ የሚችል ሰው ጥምን ሊወድድ ይችላል፤ በጥም ውስጥ የተወለደ ሕፃን እናት ግን የምትሻው ቧንቧ ነው። ድህነትን ከሩቅ ሆኖ የማወደስ ይህን ፈተና ስለ አገራችን ገጠር ስንናገር እኛም እናውቀዋለን።

ስለ ባዕድ ሠራተኛ ሕይወት የተጻፉት ሁለት ልብ ወለዶች ደግሞ የቅርብ ዘመዶቻችን ናቸው። ኩዌታዊው ሳዑድ አል ሳንዑሲ የጻፈውና በ2013 እ.ኤ.አ. በአቡ ዳቢ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የዐረብኛ ልብ ወለድ ሽልማት ያገኘው «የቀርከሃ አገዳ» ከፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛና ከቤቱ ልጅ ስለ ተወለደው ኢሳ ይተርካል። አንድ ጸሐፊ የገዛ ወገኑን ሳሎን በሠራተኛዪቱ ልጅ ዓይን ለማየት መድፈሩ ክብር ይገባዋል፤ ሆኖም እናቲቱን ጆሴፊንን የምናያት ሁልጊዜ በልጇ በኩል ነው፣ እርሷ ወጥ ቤቱን ስትጠርግ ምን ታስብ እንደ ነበር አንሰማም። በኬረላ ተወልዶ በባሕሬን ለዓመታት የኖረው ቤንያሚን በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው «የፍየል ሕይወት» ይከብዳል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ተወስዶ በሳዑዲ በረሃ በፍየል በረት ከሦስት ዓመት በላይ የተያዘው ነጂብ በሕይወት ካለ ሰው ታሪክ የተቀዳ ነው፤ ደራሲው የሰማውን በዜና መልክ ቢጽፈው በአንድ ቀን ተነብቦ በማግሥቱ በተረሳ ነበር። እርሱ ግን ነጂብ ለፍየሎቹ የአገሩን ሰዎች ስም እያወጣ ሲያነጋግራቸው እስክንሰማ ድረስ ከበረቱ አላስወጣንም። ነጂብን በማምለጡ መንገድ ላይ የሚመራው ሰው አፍሪካዊ መሆኑንም አስተውሉልኝ።

እንግዲህ ወደ ተመላሺቱ ልመለስ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሱት ወገኖቻችን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ይህ ቍጥር በሪፖርቶች ተመዝግቧል። ስለ እኛ የተጻፉት ጥናቶች፣ የአዋጅ ረቂቆችና የጋዜጣ ዜናዎች ካርቶን ይሞላሉ፤ አስፈላጊም ናቸው፤ ያለ እነርሱ የዕረፍት ቀንም ሆነ የፓስፖርት መብት በሕግ ባልተጻፈ ነበር። ነገር ግን ሪፖርቱ የአንዲቱን ስም አይጠራም፤ ሲጠራም «የ24 ዓመት ወጣት» ብቻ ይላታል። ከዚህ በሌላ ወገን ያለው ምስክር፣ የአማርኛው ታላቅ የዐረብ አገር ልብ ወለድና በራሷ እጅ የተጻፈ ታላቅ የሕይወት ታሪክ፣ የምጠብቀው መጽሐፍ ነው። ህንዶቹ ቤንያሚንን አግኝተዋል። እኛ ደግሞ የጎደለውን ቅጠል በሰማያዊ እስክሪብቶ የምትገለብጥ አንባቢ አለችን፤ እንዲህ ያለ አንባቢ ያለው ሕዝብ ጸሐፊ አያጣም።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው አለኝ። ደብተር የምትይዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አልጋ ሥር ያለውን አትቅደዱት፣ ስትሄዱም እንደ ትርፍ ኪሎ አትጣሉት። የምትጽፉ ከሆነ ስለ ናፍቆት በጠቅላላው አትጻፉ፤ ስንት ሰዓት እንደ ተነሣችሁ፣ መክተቡ፣ ማለትም አስቀጣሪው ቢሮ፣ ምን አስፈርሟችሁ እንደ ነበር፣ ያሳደጋችሁት ሕፃን በምን ቋንቋ «እማማ» እንዳላችሁ፣ የመጀመሪያውን ደመወዝ ስትልኩ እናታችሁ በስልክ ምን እንዳሉ ጻፉ። በጃዳፍ የተከፈተው የመሐመድ ቢን ራሺድ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ የሻርጃው የጥበብ ቤት ለእንግዳ ሰው የተከፈተ ነው፤ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ያጣችሁ በዕረፍት ቀናችሁ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ሻርጃ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በምታደርገው የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ያለበት አንድ ማእዘን እንዲኖር ማኅበራችን ከአሳታሚዎቻችን ጋር ቢነጋገር ደግሞ የሚከለክለን የለም።

ለሚቀጥለው ስብሰባችን «ኦሮማይ»ንና የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን መጽሐፍ አጣምረን እናንብብ። የ«ኦሮማይ» ቅጂ በእጃችን ያለው ሁለት ብቻ ስለ ሆነ፣ መንገዳቸው የሚረዝመው የአጅማን እኅቶች ቀድመው ይውሰዱት፤ ከእነርሱ ሻርጃ ትቀበል፤ እኛ የአል ባርሻዎቹ በመጨረሻ እናነብበዋለን።